የዓባይነህ ምልክት

ባሌ ዓባይነህ ሰው አያምንም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ከሸኮና ከጌጫ ገበሬዎች ቡና እየሰበሰበ ሲያስጭን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ጥሩ ቡና ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ተለውጦ፣ ገለባ ሲራገፍ በዓይኑ አይቷል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ይደግማታል። ሻይ ቤት ገብቶ እንኳ ስኳሩን ሳይቀምስ ሻዩ ውስጥ አይጨምርም፤ ጨው ቢሆንስ ይላል።

ምልክት ማድረግ ደግሞ ልዩ ሙያው ነው። ሌላው ነጋዴ ኬሻው ሆድ ላይ በቀለም ስሙን ይጽፋል። ዓባይነህ በነሱ ይስቃል። ሌባ ከኬሻው ሆድ ምን አለው፤ አፉን ፈቶ፣ ቡናውን ገልብጦ፣ ሌላ ሞልቶ መልሶ ይሰፋዋል እንጂ። ስለዚህ ምልክት መደረግ ያለበት አፉ ላይ ነው ይላል። እሱ ኬሻ ሲያሰፋ ከሲባጎው ጋር አንዲት ቀጭን ባለ ቀለም ክር አብሮ ያስገባል። ቀለሟን የሚያውቁት እሱና ጭነቱን የሚቀበለው ሰው ብቻ ናቸው። እኔ ሚስቱ፣ ልጆች ወልጄ ያሳደግኩለት፣ የዘንድሮዋ ክር ምን ዓይነት እንደሆነች አላውቅም። ምልክቱን ያወራ ነጋዴ መጋዘኑን ከፍቶ እንደተኛ ነው ባይ ነው።

እኔ ደግሞ ሚዛን ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት አለኝ። ስሜ የዓለምዘርፍ ነው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መታወቂያ በላስቲክ አሽጋለሁ። ሠርግ ግን ካመለጠኝ ቆየ። የዛሬ ሙሽራ አልበም ብቻ ብትሰጧት ታኮርፋለች፤ ቪዲዮ ነው የምትፈልገው፤ ቬሎዋ በቀስታ ሲንሳፈፍ፣ ዘፈኑ ከእርምጃዋ ጋር ሲገጥም። እኔ ይሄን አልችልበትም። አደባባዩ ጋ ያለው ፎቶ ቤት ስለሚችልበት ሠርጉን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶብኛል። የዘንድሮ ጥር እንዳምናው ካለፈ ቤቱን ዘግቼ ለሌላ ከማከራየት በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ሐያት ግን ትችልበታለች። የቴፒ ልጅ ናት፤ እዚያ ገበያው ዳር ከአንድ ሱቅ በር ላይ ጠረጴዛ ተከራይታ ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ቪዲዮም ታቀናብራለች። የእህቴን ልጅ ሠርግ ያቀናበረችው እሷ ናት። ያንን ያየ ሁሉ የት ነው ያሠራችሁት እያለ ሲጠይቀን ከረመ። ደወልኩላት፣ መጣች፣ ተነጋገርን፣ ተዋደድን። እኔ እያነሳሁ እሷ ልታቀናብር፣ ከፎቶ ቤቴ ግማሹን ይዛ የጥገና ሥራዋንም እዚያው ልትሠራ ተስማማን። እሷም ከዚያ በር ላይ ከተተከለ ጠረጴዛ መገላገል ፈልጋለች። ስትሰናበተኝ እንዲህ ደስ ያላት ሰው አላየሁም።

ቤቱ ግን በዓባይነህ ስም ነው፤ ዓባይነህ ደግሞ ሐያትን አላመናትም። ዋስ የላትም አለ። ሰው ከለመደው አገሩ ዝም ብሎ አይለቅም፣ ቴፒ ያበላሸችው ነገር ቢኖር ነው አለ። ስልክ የምትጠግን ሴት የስንቱ ምሥጢር እጇ ላይ እንዳለ አስበሽ ታውቂያለሽ አለኝ። እኔም መለስኩለት፤ አንተ የእኔን ምሥጢር እንኳ ሳታውቅ ስለ ሰው ምሥጢር ማን አስጨነቀህ አልኩት። ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ቆረጠ። መጀመሪያ የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተር ታሳድገው፤ ሙያዋንም እጇንም እንይ፤ ደህና ከሆነች ቁልፍ ይሰጣታል አለ።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ቪዲዮ ከከፈትኩበት ይንቀራፈፍና ቀጥ ይላል። ሐያት ችግሩ ራሙ ማነሱ ነው ብላ ነበር። ራም ማለት የማበጠሪያ ቁመት ያላት ጠፍጣፋ አረንጓዴ ዕቃ ናት፤ አንዱ ጠርዟ ላይ እንደ ማበጠሪያ ወርቅማ ጥርሶች ተደርድረውባታል። ሐያት እኔው ገዝቼ ላምጣ ስትል ዓባይነህ በፍጹም አለ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ብሎኝ፣ አዲስ አበባ ላለው የወንድሙ ልጅ ደውሎ ሁለት ትልልቅ ራም አስገዛ። ዕቃው በአውቶቡስ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ጠዋት ሲያስረክበኝ ግን እሽጉ ተቀዷል። ለምን ከፈትከው ስለው እንዲያው ልየው ብዬ ነው አለኝ። ከቡና በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ራም ውስጥ ምን ሊያይ እንደፈለገ አልገባኝም፤ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

ሐያት በማለዳ ሚኒባስ መጣች። ጥቁር የጀርባ ቦርሳዋን ባንኮኒው ሥር አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ጀመረች። ዓባይነህ መጋዘኑን ለሠራተኛ ጥሎ መጥቶ በር ላይ ተቀምጧል። ሲፒዩውን ከፈተችው፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገችው፣ አሮጌዎቹን ራሞች ነቅላ በሶፍት ጠቀለለችና ጃኬቷ ኪስ ከተተቻቸው። ዓባይነህ አየኝ። እኔም አየሁት። እያወቀ ሲያስል ሰማሁት።

ከዚያ ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትዞር ጀርባዋን ሰጠችን። እጇ አይታይም። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ አዲሶቹ ገቡ ማለት ነው። ገመዱን ሰክታ አበራችው። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሲፒዩው ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ ማለት ጀመረ።

ሐያት አልደነገጠችም። የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ሰካች። ገመዱን ቀየረች። የእኔን ስክሪን ትታ ከፎቶ ኮፒው ጋር ያለውን አምጥታ ሞከረች። ትንሿን ክብ ባትሪ አውጥታ መለሰች። ራሞቹን አንድ በአንድ፣ ቦታ እያለዋወጠች አስገባች። ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው ቲጥታ። በመጨረሻ አሮጌዎቹን ከኪሷ አውጥታ ስትሰካቸው ኮምፒውተሩ እንደ ትናንቱ ተነሳ፤ የእኔ ፎቶዎች ሁሉ ስክሪኑ ላይ መጡ። አዲሶቹን ስትመልስ እንደገና ጠፋ።

እንግዲህ ጥፋቱ ከራሞቹ ነው አለችን፤ ወይ ሲመጡ ሞተዋል፣ ወይ ከማዘርቦርዱ ጋር አይስማሙም፤ ወደ ገዙበት ይመለሱ። በእርጋታ ነው የነገረችን። ዓባይነህ ተነሳ። ራሞቹን ከእጇ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ወደ ቀኝ አዘነበላቸው፣ ወደ ግራ አዘነበላቸው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑ ሥር አስጠጋቸው። ሲዞር ፊቱ ተለውጧል።

«ይሄ የእኔ ዕቃ አይደለም» አላት።

«ጋሼ፣ ከካርቶኑ ሳወጣው አይተውኛል።»

«ጀርባሽን ነው ያየሁት።»

የእኔ አይደለም የምትለው በምን አውቀህ ነው ብዬ ጮህኩበት። አውቃለሁ ብቻ አለኝ፤ ባለቤት ዕቃውን ያውቃል። ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ደወለ፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። የወንድሙ ልጅ በእናቱ ስም ምሎ ተገዘተ። ሻጩ እፊቱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አስነስቶ እንዳሳየው፣ ከዚያም እዚያው አሽጎ እንደሰጠው ተናገረ። አዲስ አበባ በደህና የሠራ ዕቃ ሚዛን ላይ ሞተ ማለት ነው። እውነቱን ልናገርና እዚህ ላይ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ግን እጇን አላየሁም። ለምን ወደ መስኮት ዞረች? አሮጌዎቹን ጠረጴዛ እያለ ለምን ኪሷ ከተተቻቸው?

«ቦርሳሽን ክፈቺ» አላት ዓባይነህ።

እኔ ቀድሜ ነደድኩ። እንግዳ ጠርተን ነው ወይስ ሌባ፣ እጅህን ከሰው ቦርሳ ላይ አንሳ፣ አሳፈርከኝ አልኩት፤ ብዙ አልኩት። ሐያት ከንፈሯ ደርቋል። ቦርሳዋን ከባንኮኒው ሥር አንስታ፣ ዚፑ እንደተዘጋ፣ ሁላችንም የምናየው ቦታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እዚሁ ይቀመጥ፣ እኔም አልነካውም፣ ይሄ ዕቃ ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ ከዚህ ቤት አልወጣም አለች። ከዚያ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ሥር ተንበረከከች። ዓባይነህ የሰፈሩን የጸጥታ ኃላፊ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ሙቀቱም ንዴቱም አስጨንቆት ነው መሰለኝ ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎት ነው የሄደ።

ያ ሰው ከመጣ በቃ፣ አለቀ። መናኸሪያ አጠገብ ወሬ አይታሰርም። ንጹሕ ሆና ብትገኝ እንኳ በጸጥታ ሰው የተፈተሸች ጠጋኝ ዘንድ ስልኩን የሚሰጥ ማን ይኖራል? እያሰብኩ ወንበሩን ልስብ ብል ኮቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ከኪሱ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ወጥታ ተንከባለለች።

አነሳኋት። ኩቴክስ ናት። የጥፍር ቀለም። ያውም ቀለም የሌላት፣ የምታብለጨልጨው ዓይነት፤ ተከፍታለች፣ ጎድላለች። እኔ ጥፍሬን ቀለም የተቀባሁት ለሠርጌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላውቀውም። የሐያት ነገር፣ የራሙ ነገር ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ። በሐሳቤ የጎረቤቴን የፀጉር ሠሪዋን የሰርካዲስን ጥፍር አየሁ፤ ሁልጊዜ እንዳብለጨለጨ ነው። ዓባይነህ ሲያልፍ ደህና ዋልሽ እንደሚላት አስታወስኩ። ለካስ ሰው የማያምን ሰው ራሱን ስለሚያውቅ ነው አልኩ።

ዓባይነህ ብቻውን ተመለሰ፤ ኃላፊው ቢሮው የለም፣ ከምሳ በኋላ ይመጣል አለ። ብልቃጧን ዓይኑ ሥር ደቀንኩለት።

«ይቺ የማን ናት?»

ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ሐያትን አየ፣ ብልቃጧን አየ፣ ቤት እንነጋገራለን አለኝ። ቤት የለም አልኩት፤ እዚሁ፣ አሁን፣ በዚች ልጅ ፊት። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይናገር ነበር። ባሌ ግን ቆሞ አመዛዘነ። ምልክቱን ከመናገርና ትዳሩን ከማጣት የቱ ይቀላል ብሎ ነው የሚያመዛዝነው፤ ያን ያህል ቆየ። በኋላ አንገቱን ደፋ።

«ምልክቴ ናት» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ራሞቹ ቤት ባደሩበት ሌሊት እሽጉን ከፍቶ ቀብቷቸዋል። ቀለም የሌለውን የመረጠው ሌባ እንዳያየው ነው፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ ግን ለባለቤቱ ያብለጨልጭለታል። ዛሬ መስኮቱ ጋ ወስዶ ሲያዘነብላቸው ምንም አልታየውም። የሚያብለጨልጭ ነገር የለም። ስለዚህ ተለውጠዋል።

ሐያት ከተንበረከከችበት ቀና አለች።

«የቱ ጋ ነው የቀቡት ጋሼ?»

«ጥርሱ ላይ ነዋ። ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት ልጠሽ ሌላው ላይ ትለጥፊዋለሽ። ጥርሱን ግን አትነቅይውም። ምልክት አፍ ላይ ነው» አላት። እፍረቱ መሐል ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ሐያት የስልኳን መብራት አብርታ ራሙን አስጠጋችው፤ ፎቶ አንስታ አጉልታ አሳየችን። ወርቅማዎቹ ጥርሶች ላይ ስስ ሽፋን አለ። ስትሰካውና ስትነቅለው ጭረት በዝቶበት ብልጭታው ጠፍቷል፤ የባሌ ዓይን ያላየው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ከራሙ ጋር የሚገናኘው በነዚህ ጥርሶች ብቻ ነው አለችን፤ ኩቴክስ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የተሸፈነ ጥርስ ሁሉ የሌለ ያህል ነው።

እየሮጥኩ ሰርካዲስ ዘንድ ሄጄ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለመንኳት፤ ጥቂት ቀደም ብዬ በልቤ የሰደብኳት ሴት ብልቃጡን ሙሉ ሰጠችኝ። ሐያት ጥጥ እያራሰች ጥርሶቹን ጠረገች፣ አደረቀች፣ መግቢያውንም በብሩሽ ደጋግማ አጸዳች። ሰክታ አበራችው። ሲፒዩው አንዴ ቲጥ አለና ስክሪኑ ቦግ አለ። የሠርጉን ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ሳይንቀራፈፍ፣ ሳይቆም፣ የእህቴ ልጅ በቬሎዋ እየተንሳፈፈች ወጣች። እንባዬ መጣ።

ዓባይነህ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ» አለ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሲሰጥ በሙሉ ልቡ ነው የሚሰጥ። የቤቱን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላትና ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ ነው ልጄ፣ ይቅር በይኝ አላት። ለኃላፊውም ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው። እኔም ምሳ አብረን እንብላ ብዬ ሽር ጉድ ማለት ጀመርኩ። ጥር ደረሰልኝ ብዬ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ሐያት ሲፒዩውን ገጥማ ብሎኑን አጠበቀች። አሮጌዎቹን ራሞች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቦርሳዋን ሳበች፤ ዚፑን ከፍታ ዕቃዋን አንድ በአንድ ደረደረችው። ካቻቢቴዎቿን፣ ብሩሿን፣ ቻርጀሯን፣ የተጠቀለለች መስገጃዋን፣ በፌስታል የታሰረ ዳቦ፣ የታጠፈ አበባማ ጨርቅ። ባዶውን ቦርሳ ገልብጣ አራገፈችው።

«ተይ ልጄ፣ አልቋል እኮ» አላት ዓባይነህ።

«ይፈትሹ ጋሼ። እናቴ ቴፒ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበረች። ማታ ስትወጣ በር ላይ እጇን ወደ ላይ አንስታ ትፈተሻለች፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሙያ የተማርኩት እንደዚያ ላለመቆም ነው። ዛሬ ግን ይኸው ቆሜያለሁ፤ ይፈትሹ።»

ዓባይነህ በፍጹም አልነካም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ዓይኑ ግን ከካቻቢቴው ወደ ቻርጀሩ፣ ከቻርጀሩ ወደ ዳቦው ሲሄድ አየሁት። ምን ዓይነት ሰው ነህ ልለው ቀና ስል ሐያት እሱን አይደለም የምታየው። እኔን ነው።

እኔ ደግሞ ጨርቁን እያየሁ ነበር። ወፈር ብሎ ታጥፏል። ውስጡ ምን ተጠቅልሎ ይሆን እያልኩ ነበር።

ሐያት ጨርቁን አነሳችው። በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችው፣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም። መጋረጃ ነው። አናቱ ላይ ቀለበቶቹ በእጅ ተሰፍተዋል፤ ጠባብና ረጅም ነው፣ ከየትም ሱቅ ተገዝቶ የማይገጥመው የእኔ መስኮት ልክ። መቼ እንደለካችው አላውቅም።

መልሳ አጠፈችው፣ ከሌላው ዕቃዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐያትዬ አልኳት። «ደህና ይሁኑ እትዬ» አለችኝ በአክብሮት፤ ቁልፉን ሳትነካው ወጣች። መናኸሪያው ቅርብ ነው። የቴፒው ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ከቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።